ማለቂያ የሌለው ሁሉ ዘለዓለማዊ ነውን?

«ሴምፒተርናል» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የተዘጋጀ ትምህርት



በለቅሶ ጊዜ የምንሰማቸውን ሁለት አነጋገሮች እናስተውል። የሟቹ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ብዙውን ጊዜ «ለዘለዓለም ተለየን» በሚል ቃል ይደመደማል። ጥቂት ቆይቶ ካህኑ ይነሣና ለዚያው ሰው ዘለዓለማዊ ሕይወትን ይለምንለታል። ሁለቱም አነጋገሮች አንድ ቃል ይዘዋል፤ ነገር ግን አንደኛው በር ሲዘጋ ሁለተኛው በር ይከፍታል። ይህን የሰማ ሕፃን በትምህርት ክፍል ውስጥ፣ «አያቴ ለዘለዓለም ከተለየችን እንዴት አድርገን እንገናኛለን?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የተገባ ነው። በዕድሜ ከፍ ያለው ወጣት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያክልበታል፤ «ማለቂያ የሌለው ሕይወት አይሰለችምን?» ይላል።

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ እንድናገኝ የሚረዳን አንድ ብዙ ያልተለመደ ቃል አለ። ይኸውም በእንግሊዝኛ «ሴምፒተርናል» የሚባለው ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር አይሰማም ለማለት ይቻላል። ሆኖም ትምህርታቸውን ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት የሚያዘጋጁ መምህራን በፍልስፍናና በነገረ መለኮት ጽሑፎች ውስጥ ሊያገኙት ይችላሉ። መዝገበ ቃላት ቢመለከቱ «ዘለዓለማዊ፣ ማለቂያ የሌለው» የሚል ፍቺ ያነቡና ያልፋሉ። ፍቺው ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው። ሊቃውንት ይህን ቃል የሚፈልጉት «ሳያቋርጥ ሁልጊዜ የሚኖረውን» «ከጊዜ በላይ ከሆነው» ለመለየት ነውና። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ተስፋችንን የሚመለከት ጉዳይ እንደሆነ ከዚህ በታች እንመለከታለን።

1. የቃሉ ምንጭ

የቃሉ ምንጭ ሮማይስጥ ወይም ላቲን ነው። በላቲን «ሴምፐር» ማለት «ሁልጊዜ፣ ዘወትር» ማለት ሲሆን፣ ከዚህ ቃል «ሴምፒተርኑስ» የሚል ቅጽል ተገኘ። ቅጽሉ የተበጀው «ኤተርኑስ» በሚለው በሌላው ቅጽል አምሳል ነው። «ኤተርኑስ» የተገኘው ግን «ኤቩም» ከሚለው ስም ነው፤ ትርጉሙም «ዘመን፣ ዕድሜ» ነው። እንግዲህ አንደኛው ቃል ሥሩ «ሁልጊዜ»፣ ሁለተኛው ቃል ሥሩ «ዘመን» ሆኖ ሁለቱም መጨረሻ የሌለውን ነገር ለመግለጽ ያገለግላሉ። እንግሊዝኛ ከመጀመሪያው «ሴምፒተርናል» የሚለውን፣ ከሁለተኛው «ኢተርናል» የሚለውን ቃል ወሰደ።

ከእነዚህ ጋር «ፐርማነንት» የሚለውን የታወቀ ቃል ማነጻጸር ይጠቅማል። ይህም ከላቲን የመጣ ሲሆን «ፐር» ማለት «ዘልቆ፣ እስከ ዳር»፣ «ማኔሬ» ማለት «መኖር፣ መቆየት» ነው። በአንድነት ሲነበብ «ዘልቆ መኖር» ይሆናል። የእኛም «ዘለቄታ» የሚለው ቃል «ዘለቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ ሁለቱ ቃላት በአሳብ እጅግ ይቀራረባሉ። ነገር ግን «ፐርማነንት» የሚባለው ሁሉ ዘለዓለማዊ አይደለም። ቋሚ ሠራተኛ ጡረታ ይወጣል፤ ቋሚ አድራሻ ይለወጣል። በዚህ አነጋገር «ቋሚ» የምንለው ጊዜያዊ ያልሆነውን እንጂ የማያልፈውን አይደለም።

2. ቃሉ በጸሎትና በሥነ ጽሑፍ

«ሴምፒተርኑስ» የሚለው ቃል ከሁሉ ይልቅ የሚሰማው በላቲን ሥርዐት ጸሎት ውስጥ ነው። በሮማ መጽሐፈ ቅዳሴ የሚገኙ ብዙ ጸሎቶች እግዚአብሔርን «ሁሉን የምትችል» ብለው ከጠሩት በኋላ ወዲያው በዚህ ቃል ይጠሩታል። በዓርብ ስቅለት ለቤተ ክርስቲያንና ለዓለም ሁሉ የሚቀርቡት ዐሥሩ ታላላቅ ምልጃዎች ሁሉ በካህኑ ጸሎት ላይ የሚጀምሩት በዚህ አጠራር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የእንግሊዝኛ ትርጉም ቃሉን «ሴምፒተርናል» ብሎ አልገለበጠውም፤ «ዘወትር ሕያው» በሚል አሳብ ተረጐመው እንጂ። ይህም የተርጓሚዎቹን ማስተዋል ያሳያል። እግዚአብሔር «ሁልጊዜ» ነው ማለት እንደ ድንጋይ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል ማለት ሳይሆን፣ ሁልጊዜ ሕያው ነው ማለት ነውና።

በቀድሞው የላቲን የሙታን ቅዳሴ ውስጥ ደግሞ ሦስት ተቀራራቢ ቃላት ጎን ለጎን ይገኛሉ። በመግቢያው ላይ ለሟቾች የሚለመነው ዕረፍት በ«ኤተርኑስ» ይገለጻል፤ የሚለመንላቸው ብርሃን «ፐርፔቱዋ» ማለትም «የማይቋረጥ» ይባላል፤ ወደ ቍርባን መቀበያው ሲቃረብ ለእግዚአብሔር በግ ከሚቀርበው ሦስት ጊዜ ልመና በመጨረሻው ላይ ዕረፍቱ በ«ሴምፒተርኑስ» ይጠራል። ቤተ ክርስቲያን ስትጸልይ እነዚህን ቃላት እየመዘነች አትለያያቸውም፤ አንዱን ተስፋ በብዙ ቃል ትገልጸዋለች። መለየት የመምህራን ሥራ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናየው ልዩነት ጸሎቱን ለማረም ሳይሆን የምንጸልየውን ለመረዳት ነው።

በሥነ ጽሑፍም ቃሉ ታላላቅ ስፍራዎችን ይዟል። የኢጣልያው ባለቅኔ ዳንቴ በመንግሥተ ሰማያት ክፍል ውስጥ ቅዱሳንን በአንድ ታላቅ ጽጌረዳ አምሳል ሲያሳይ ጽጌረዳዋን በዚህ ቃል ጠርቷታል። በእንግሊዝኛም ቲ. ኤስ. ኤልየት እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው «ሊትል ጊዲንግ» በተባለው ግጥሙ መግቢያ ላይ ቃሉን ተጠቅሞበታል።

የቃሉ ዕጣ በፈረንሳይኛ ግን ልዩ ነው። በዛሬው የፈረንሳይኛ ንግግር «ሴምፒተርኔል» የሚባለው ብዙውን ጊዜ አሰልቺ የሆነ ነገር ነው፤ ለምሳሌ የማያልቅ ነዝናዛ ስሞታ፣ ወይም በየጊዜው የሚደጋገም ያው ንግግር። ለእግዚአብሔር የተሰጠ ቃል እንዴት ለንዝንዝ መጠሪያ ሊሆን ቻለ? በቃሉ ውስጥ ያለው «ሁልጊዜ» የሚለው አሳብ ብቻውን ሲቀር በረከት ብቻ አይደለምና። ደስታ ሁልጊዜ ቢኖር መልካም ነው፤ ስሞታም ሁልጊዜ ቢኖር መከራ ነው። ርዝመት ብቻውን የነገሩን መልካምነት አይወስንም። ወጣቱ «አይሰለችምን?» ብሎ ሲጠይቅ ይህንኑ ማስተዋሉ ነው።

3. በእኛ ቋንቋ

እኛስ ይህን ልዩነት የምንገልጽበት ቃል አለን? አለን። «ዘለዓለም» የሚለው ቃላችን መሠረቱ «ዓለም» ነው። ይህ ቃል በግዕዝ የምንኖርበትን ዓለም ብቻ ሳይሆን ዘመንንም ያመለክታል። የዕብራይስጡ «ዖላም»፣ የጽርኡ «አዮን»፣ የላቲኑም «ኤቩም» እንዲሁ ረጅም ዘመንን ከማመልከት ተነሥተው ማለቂያ የሌለውን ለመግለጽ ያገለግላሉ። ስለዚህ በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ «ለዘለዓለም» የሚለውን ስናነብ ስለ ምን እንደ ተነገረ መመልከት ይገባናል። ስለ ተራሮች ሲነገር እጅግ ረጅም ዘመንን ሊያመለክት ይችላል፤ ስለ እግዚአብሔር ሲነገር ግን ፍጹም ትርጉሙን ያገኛል።

ከዚህ ሌላ ግዕዝ «ዘልፍ» የሚል ቃል አለው፤ ትርጉሙም «ሁልጊዜ» ነው። ቅድስት ሥላሴን ስናመሰግን «ይእዜ» ማለትም «አሁን»፣ «ዘልፍ» ማለትም «ሁልጊዜ»፣ እንዲሁም «ለዓለመ ዓለም» እያልን ሦስቱን በቅደም ተከተል እናነሣለን። በላቲኑም ምስጋና እንዲሁ «አሁን»፣ «ሴምፐር»፣ «ለዘመናት ዘመን» የሚሉት ተከታትለው ይመጣሉ። እንግዲህ «ሴምፒተርናል» የሚለው እንግዳ ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በየጸሎታችን መካከል «ዘልፍ» እያልን የምንጠራው ነው። ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ዘወትራዊ» ወይም «ዘወትር ነዋሪ» ብንለው፣ «ዘለዓለማዊ» የሚለውን ደግሞ ለ«ኢተርናል» ብንተወው ልዩነቱ ይጠበቃል።

4. የሚሮጥ «አሁን» እና የቆመ «አሁን»

ልዩነቱን በግልጽ ያስተማረው ቦኤሲዮስ የተባለ ሮማዊ ክርስቲያን ሊቅ ነው። ቦኤሲዮስ በንጉሥ ቴዎዶሪክ ዘመን ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበረ። በክሕደት ተከሶ ታሰረ፤ እ.ኤ.አ. በ524 ገደማም ተገደለ። ሞቱን እየጠበቀ ሳለ «የፍልስፍና መጽናናት» የተባለውን ታዋቂ መጽሐፉን ጻፈ። ዘመኑ እየተቈጠረ ያለቀበት ሰው ስለ ዘለዓለም ማሰላሰሉ ለመዝናኛ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

የትምህርቱ ፍሬ አሳብ እንዲህ ነው። የእኛ «አሁን» ይሮጣል። ትናንትን አጥተነዋል፤ ነገን ገና አልያዝነውም፤ በእጃችን ያለችው ይህች ቅጽበት ብቻ ናት፤ እርሷም እየተናገርን ታልፋለች። እንዲህ ያለው የሚሮጥ «አሁን» መነሻና መድረሻ ሳይኖረው ለሁልጊዜ ቢቀጥል እንኳ የሚሆነው «ሴምፒተርኒቲ»፣ ማለትም ዘወትራዊነት ነው። እጅግ ረጅም ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አንዱን እያጣ ሌላውን ይጠብቃል። የእግዚአብሔር «አሁን» ግን ቆሟል። ከእርሱ የሚያልፍ የለም፤ ወደ እርሱም ገና የሚመጣ የለም። ወሰን የሌለውን ሕይወቱን ሁሉ በአንድነት፣ በምልዓት ይዞታል። ዘለዓለማዊነት ይህ ነው። ቅዱስ አጎስጢኖስም «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ዐሥራ አንደኛ ክፍል የእግዚአብሔር ዓመታት እንደማይሄዱና እንደማይመጡ፣ ነገር ግን አንድ «ዛሬ» እንደ ሆኑ አስቀድሞ አስተምሯል።

ይህን በምሳሌ ለማስረዳት ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖ የተጠቀመበትን እንውሰድ። በመንገድ ላይ ተሰልፈው የሚሄዱ ሰዎች ከኋላቸው የሚመጡትን አያዩም። ከተራራ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ግን መንገደኞቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመለከታል። መንገዱ ምንም ያህል ቢረዝም መንገደኛው በመርዘሙ ብቻ ተራራው ጫፍ ላይ አይደርስም። እንዲሁም ጊዜ ምንም ያህል ቢረዝም ዘለዓለም አይሆንም። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የመጠን ሳይሆን የዓይነት ነው። ምሳሌው ግን ጎደሎ መሆኑን እንዳንረሳ፤ እግዚአብሔር ከሩቅ ሆኖ የሚመለከተን ሳይሆን በእያንዳንዱ ቅጽበት ከእኛ ጋር ያለ አምላክ ነው።

በነገራችን ላይ «ቋሚ» የሚለው ቃላችን «ቆመ» ከሚለው የወጣ ነው። ለሥራና ለአድራሻ የምንሰጠው ይህ ስም በእውነተኛ ትርጉሙ ከእግዚአብሔር በቀር ለማንም አይገባም፤ በፍጹም የቆመ እርሱ ብቻ ነውና።

5. የጽናት ደረጃዎች

ይህን ከተረዳን በእምነታችን ውስጥ «የማያልፍ» የምንላቸውን ነገሮች በየደረጃቸው ማስቀመጥ እንችላለን።

ሀ) እስከ ሞት የሚጸና። ምሥጢረ ተክሊል የሚመሠርተው ማሰሪያ በሁለቱ ሕይወት ዘመን አይፈታም (ማቴ. 19፥6)። ነገር ግን ጌታችን በትንሣኤ ማግባትና መጋባት እንደሌለ አስተምሯል (ማር. 12፥25)፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ባል የሞተባት ሴት ከጋብቻው ሕግ ነጻ እንደ ሆነች ይናገራል (ሮሜ 7፥2)። ስለዚህ ጋብቻ ጽኑ ነው፤ ዘለዓለማዊ ግን አይደለም። ይህ ጋብቻን አያሳንሰውም፤ በጋብቻ የተለማመድነው ፍቅር ከሞት ወዲያ አይጠፋምና።

ለ) መጀመሪያ ያለው፣ መጨረሻ የሌለው። የሰው ነፍስ በእግዚአብሔር ትፈጠራለች፤ ነገር ግን አትሞትም። አምስተኛው የላተራን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1513 ይህን አረጋግጧል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 366 ያስተምረዋል። በጥምቀት፣ በሜሮንና በክህነት የሚታተመው መንፈሳዊ ማኅተምም እንዲሁ አይፋቅም (ቁ. 1121)፤ ስለዚህ እነዚህ ሦስቱ ምሥጢራት አይደገሙም። መላእክትም መጀመሪያ አላቸው፤ መጨረሻ ግን የላቸውም። ሊቃውንት የእነዚህን ፍጥረታት አኗኗር በጊዜና በዘለዓለም መካከል አድርገው «ኤቩም» በሚለው በቀድሞው ቃል ጠርተውታል።

ሐ) በጊዜ ውስጥ ሁልጊዜ የሚኖር። ፈላስፎች «ሴምፒተርናል» የሚሉት በተለይ ይህንን ነው። በጥንት የነበሩ አንዳንድ ፈላስፎች ሰማያት መነሻም መድረሻም ሳይኖራቸው ሁልጊዜ እንደሚዞሩ ያስቡ ነበር። እኛ ግን ሰማይና ምድር መጀመሪያ እንዳላቸው እናምናለን።

መ) ዘለዓለማዊ። ይህ በባሕርዩ የእግዚአብሔር ብቻ ነው። ፍጥረት ይህን የሚያገኘው እግዚአብሔር ከራሱ ሕይወት ሲያካፍለው፣ ማለትም በጸጋ ብቻ ነው።

6. ታዲያ ዘለዓለማዊ ሕይወት ምንድር ነው?

እዚህ ላይ ወደ ጥያቄያችን እንመለሳለን። ነፍሳችን የማትሞት ከሆነች ማለቂያ የሌለው ኑሮ ለሁሉም ሰው፣ ለጻድቁም ለኃጥኡም ተሰጥቷል ማለት ነው። እንግዲህ ክርስቶስ የሚሰጠን ሌላ ምንድር ነው? ጌታችን ራሱ መልሷል። በመጨረሻው እራት ሌሊት ሲጸልይ የዘለዓለም ሕይወት አንዱን እውነተኛ አምላክና የላከውን ኢየሱስ ክርስቶስን ማወቅ እንደ ሆነ ተናገረ (ዮሐ. 17፥3)። ስለ ርዝመት አልተናገረም፤ ስለ ማወቅ፣ ማለትም ስለ ፍቅር አንድነት ተናገረ እንጂ።

ቅዱስ ቶማስ ስለ ገሃነም ሲያስተምር ይህን ከተቃራኒው ወገን ያሳየናል። የገሃነም እሳት «ዘለዓለማዊ» የሚባለው ስለማያልቅ ብቻ ነው፤ በገሃነም እውነተኛ ዘለዓለማዊነት የለም፣ ይልቁንም ጊዜ አለ ይላል። ማለቂያ የሌለው ኑሮ ያለ እግዚአብሔር ሲሆን ሕይወት ሳይሆን ቅጣት ነው።

ቅዱስ አምብሮስዮስም ወንድሙ ሳቲሮስ ሞቶ ባዘነ ጊዜ ባሰማው ስብከት፣ በኃጢአት ምክንያት በድካምና በእንባ የተሞላው ሕይወታችን ፍጻሜ ባይኖረው ኖሮ ሸክም ይሆን እንደ ነበረ፣ አለመሞትም ጸጋ ካልታከለበት እንደማይጠቅም አስረድቷል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ክርስቲያናዊ ተስፋ በጻፉት «ስፔ ሳልቪ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክት (ቁ. 10-12) ይህንኑ ትምህርት አንሥተው የዘመናችንን ሰው ጥያቄ በግልጽ ጠይቀዋል፤ ለሁልጊዜ መኖርን በእውነት እንፈልጋለን? መልሳቸውም የዘለዓለም ሕይወት በቀን መቁጠሪያ ላይ ያለ ማቋረጥ የሚከታተሉ ቀናት ሳይሆን፣ ፊትና ኋላ በሌለበት፣ ወሰን በሌለው ፍቅር ውስጥ መጥለቅ ነው የሚል ነው።

ስለዚህ ለወጣቱ እንዲህ ብለን እንመልሳለን። መሰልቸት የሚመጣው የያዝነው ነገር ሲያልቅብን፣ ጊዜው ግን ሳያልቅ ሲቀር ነው። እግዚአብሔር ግን አያልቅብንም። ከምንወደው ሰው ጋር ስንጫወት ሰዓቱ እንዴት እንዳለፈ አናውቅም፤ በዚያች ሰዓት ያገኘነው ረጅም ጊዜ ሳይሆን ሙሉ ጊዜ ነው። ይህች ትንሽ ልምድ የዘለዓለም ጥላ ናት።

ለሕፃኑም መልስ አለን። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ «ዘለዓለማዊ መለየት» የሚለውን አነጋገር የሚጠቀምበት ስለ ገሃነም ነው፤ ይኸውም ከእግዚአብሔር ለዘለዓለም መለየት የገሃነም ዋና ቅጣት ነው ብሎ ያስተምራል (ቁ. 1035)። እንግዲህ በእምነት ስላረፈች እናት «ለዘለዓለም ተለየችን» ማለት ከሐዘን ብዛት የሚወጣ ቃል ቢሆንም የእምነታችን ቃል አይደለም። መለያየቱ እውነተኛ ነው፤ ያማል፤ ክርስቶስም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። ነገር ግን መለያየቱ ጊዜያዊ ነው። በክርስቶስ ላረፉት ዘለዓለም የሕይወት እንጂ የሞት አይደለም።

7. ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ጥቂት ምክር

አንደኛ፣ «ሴምፒተርናል» የሚለውን ቃል በትምህርት ክፍል ውስጥ ማስተማር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ልዩነቱን ማስተማር ነው። ለሕፃናት «በጣም ረጅም» እና «ሙሉ» የሚሉት ሁለት ቃላት ይበቃሉ።

ሁለተኛ፣ መንግሥተ ሰማያትን በዓመታት ብዛት ለማስረዳት አንሞክር። ወፍ በሺህ ዓመት አንድ ጊዜ እየመጣች ተራራውን ብትጭር ተራራው እስኪያልቅ እያልን ስንቆጥር የምናስተምረው ርዝመትን ብቻ ነው፤ ሕፃኑም ከደስታ ይልቅ ፍርሃት ሊይዘው ይችላል።

ሦስተኛ፣ በለቅሶ ቤት የሐዘንተኛን ቃል ለማረም አንቸኩል። «ለዘለዓለም አጣኋት» የምትል እናት በዚያች ሰዓት የምትፈልገው ትምህርት ሳይሆን አብሯት የሚቀመጥ ሰው ነው። ቃሉን የምናስተካክለው አስቀድሞ በትምህርት ክፍል፣ በኋላም የሕይወት ታሪክ ጽፉልን ተብለን ስንጠየቅ ነው። «ለዘለዓለም ተለየን» በማለት ፈንታ «በትንሣኤ ተስፋ ዐረፈ» ብሎ መጻፍ ተጨማሪ ቀለም አይጠይቅም፤ የሚሰሙትን ግን ያጽናናል።

አራተኛ፣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስታነቡ «ሴምፒተርናል»፣ «ኤቨርላስቲንግ» እና «ኢተርናል» የሚሉትን ሁሉ ሳታመዛዝኑ «ዘለዓለማዊ» ብላችሁ አትተርጉሙ። ጸሐፊው ስለ ርዝመት ወይስ ከጊዜ በላይ ስለ ሆነው እንደሚናገር አስቀድማችሁ መርምሩ። በጸሎትና በግጥም ውስጥ ግን ቃላቱ እንደሚወራረሱ አስታውሱ።

ማጠቃለያ

ሰው የሚጸና ነገር ይፈልጋል። ሐውልት ያቆማል፤ ስሙን በድንጋይ ይቀርጻል፤ ልጁን በአባቱ ስም ያስጠራል። ይህ ምኞት ክፉ አይደለም፤ የፈጠረን አምላክ በልባችን ያኖረው ነው። ነገር ግን ድንጋይ ቢቆይ እንኳ የሚሰጠን ቆይታን ብቻ ነው። ጌታችን ግን በወይኑ ግንድ ምሳሌ በእርሱ እንድንኖር ጠየቀን (ዮሐ. 15፥4)። የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ስፍራ የተጠቀመበት ግሥ «ማኔሬ» ነው፤ «ፐርማነንት» የሚለው ቃል የተገኘበት ማለት ነው። እንግዲህ የክርስቲያን ጽናት ከአንድ አካል ጋር መኖር ነው። ከዚህ የተነሣ ዘለዓለማዊ ሕይወት ከሞት በኋላ ብቻ የሚጀምር አይደለም፤ ከተጠመቅንበት ቀን ጀምሮ በውስጣችን ተዘርቷል። ዛሬ በጸሎት፣ በቅዱስ ቍርባንና በፍቅር ሥራ ከእርሱ ጋር የምናሳልፋት አጭር ሰዓት፣ ከእርሱ ርቀን ከምናሳልፋቸው ረጃጅም ዓመታት ይልቅ ለዘለዓለም ትቀርባለች።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. «ማለቂያ የሌለው» እና «ዘለዓለማዊ» የሚሉትን ቃላት በራሳችሁ አነጋገር ለይታችሁ አስረዱ።

2. የምሥጢረ ተክሊል ጽናትና የምሥጢረ ጥምቀት ማኅተም ጽናት በምን ይለያያሉ?

3. በአካባቢያችሁ ለሐዘንተኞች ከሚነገሩት የማጽናኛ ቃላት የትኞቹ የትንሣኤን ተስፋ ይገልጻሉ? የትኞቹስ ይሸፍኑታል?

4. «ሕይወት ማለቂያ ከሌለው አይሰለችምን?» ብሎ ለሚጠይቃችሁ ወጣት ምን ትመልሱለታላችሁ?

ዘወትር ሕያው የሆነ እግዚአብሔር ሙታናችንን በብርሃኑ ያሳርፍልን፤ እኛንም በተስፋው ያጽናን። አሜን።